ተራ

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ቃል ለቃሚ ከሰው አፍ፤
የተባለው ሁሉ በእጄ በኩል ሲያልፍ።
ቻርልስተን ከተማ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ በረዶው ጭቃ ሆኖ፣
የሰው ካፖርት በር ላይ ተከምሮ፣ አዳራሹ ታፍኖ።
ረቂቁ ሁለት ገጽ ነው፤ ፍሬ ነገሩ አጭር፦
ለከፈለ አይከፈት የኢንተርኔት ፈጣን መስመር።

መጀመሪያ የተነሣው የኩባንያው ጠበቃ፣
ወጣት ነው፤ ጫማው ላይ የለም አንዲት ጠብታ ጭቃ።
"ማንንም አናዘገይም" አለ፣ ሥዕል ግድግዳው ላይ አብርቶ፤
"የከፈለውን ብቻ እናፈጥናለን" አለ፣ ፈገግታውን አብዝቶ።
አርባ ደቂቃ ወሰደ፤ ማንም ሰዓት አላየበት፤
ስሙ ከሳምንት በፊት ነበር መዝገብ የገባለት።

"አርባ አንድ!" ብዬ ስጠራ መሽቷል፤ ግማሹ ወንበር ባዶ፤
አንዲት አዛውንት ተነሡ፣ የተራ ወረቀታቸው በላብ ርሶ፣ ተቀዶ።
ወይዘሮ ኦርሊና ስታምፐር፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት፣
ከላረል ጋፕ፣ ከከሰል መንደር፣ በእህታቸው ልጅ መኪና የመጡት።
"ሦስት ደቂቃ አለዎት።" መናገሪያው ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፤
አዩት እንደ ድሮ ባልንጀራ፤ ከዚያም ጀመሩ ከሥራ፦

"የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፤
ፊቴ የአምፖል ሰሌዳ፣ ጆሮዬ ከመስመር ሳይለይ።
አንድ አምፖል ሲበራ፣ አንድ ሰው ፈልጎኛል ማለት ነው፤
የማን እንደሆነ አልመርጥም፤ የቀደመውን ነው የማገናኘው።
ደንቡ ይህ ብቻ ነበር፤ ግድግዳ ላይ እንኳ አልተጻፈም፦
ተራ ሰውም ተራ አለው፤ ጌታም ከተራ አያልፍም።

በገና ዋዜማ የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ
አሥር ዶላር በፖስታ፣ የታጨሰ ሥጋ ላከልኝ፣ እንደ ወዳጅ።
ካርዱም 'ስንደውል ብቻ አታስጠብቂን' ይላል።
ማንን ይጎዳል አልኩ። ሥጋው፣ አልዋሽም፣ ጣዕሙ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ጥር ላይ በረዶ ሽቦ በጥሶ፣ ወደ ውጭ የቀረን መስመር አንድ፤
የዴልፋ ራትሊፍ አምፖል በራ፤ እጄን ልኬ ገመዱን ስወስድ
ጎኑ የኩባንያው በራ። እጄ አየር ላይ ቆመ፤
ከዚያ ወደ ሥጋው ሄደ፤ ወደ አሥር ዶላሩ አዘመመ።

አሥራ አንድ ደቂቃ አወሩ፤ ስለ ጎልፍ፣ ስለ ዋጋ መናር፤
የዴልፋ አምፖል በጎን በኩል እንደ ዓይን ሲርገበገብ ነበር።
ስደርስላት ጠፍቷል። ሐኪም ነበር የምትፈልገው፤
ልጇን ትንፋሽ አጥሮት፣ በበረዶ በእግሯ ወጥታለች፣ አቅፋው።

'ልጁ ዳነ ወይ?' እያላችሁኝ ነው፤ ፊታችሁ ላይ አነባለሁ።
አልነግራችሁም። ይህን አንዱን ለራሴ እይዛለሁ።
ዳነ ካልኩ 'እንግዲያው ምን ጎደለ?' ትላላችሁ፤
ሞተ ካልኩ 'የአንድ ሌሊት አደጋ ነው' ብላችሁ ታልፋላችሁ።
አሥራ አንዱ ደቂቃ ግን የእሷ ነበር። እኔ ሸጥኩት።
ያንን ነው ስድሳ ዘጠኝ ዓመት በሆዴ የተሸከምኩት።

ያ ልጅ 'ማንንም አናዘገይም' ይላል። ልጄ፣ መስመሩ አንድ ከሆነ፣
አንዱን ወደ ፊት ስትገፋው፣ ሌላው የት ሆነ?
ዛሬ ሽቦው መስታወት ነው አሉ፤ በብርሃን ነው የሚያወራው።
ያው አምፖል ነው። ብቻ አሁን ሲጠፋ፣ የሚያይ ሰው የለም በስፍራው።"

ቀዩ በራ። ሰብሳቢው "ጊዜዎ አልቋል" አሉ።
"አውቃለሁ፤ የሌላ ሰው ተራ ነው።" ደረጃውን ወረዱ ዝግ እያሉ።

የማጠቃለያ መዝገቤ ለአንድ ሰው አንድ መስመር ይሰጣል፤
ለጠበቃውም፣ ለእሳቸውም፤ ከዚያ ያለፈ ይቆረጣል።
ከእሱ ቀንሼ ለእሳቸው ልጨምር፣ እውነቴን ነው፣ አማረኝ፤
ጣቴ አየር ላይ ቆመ። የዚያች ሌሊት እጅ ትዝ አለኝ።

"አርባ አንድ፦ ስታምፐር፤ ጡረተኛ፤ ደጋፊ" ብዬ ዘጋሁ።
"አርባ ሁለት!" ብዬ ጠራሁ።